የጓሮአችን ሲሶ



መስከረም ሲጠባ በየቤቱ የማይነካ ነገር የለም። ክረምቱን ሲያፈስ የከረመው ጣሪያ ይጠገናል፤ የሻገተው ፍራሽ ፀሐይ ላይ ይወጣል፤ የልጆች ደብተርና ጫማ ይገዛል። ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት ግን የሚያስታውሳት የለም። አሮጌ ጎማ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ተከምሮባት፣ በዳርዋ ሳማ በቅሎባት ዓመት በዓመት ይተካል። በዚህ ጽሑፍ ላነሣት የፈለግሁት እርስዋን ነው። አንብበው ሲጨርሱ ወጣ ብለው በእርምጃ ይለኳት። ሦስት ሰፋፊ እርምጃ በሦስት እርምጃ ከሆነች ትበቃናለች።

ስለ አትክልት ቦታ በተነሣ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣ አንድ ሐዲስ አለ። ኢማም ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ይዘውት በሶሒሓቸው ዘግበውታል። አንድ መንገደኛ ጭው ባለ ሜዳ ሲጓዝ ከደመና ውስጥ ድምፅ ሰማ፤ ድምፁ የአንድን ሰው ስም ጠርቶ አትክልቱን እንዲያጠጣ ደመናውን ያዘዋል። ደመናው ከሌሎቹ ተለይቶ ሄደና ጥቁር ድንጋይ በበዛበት መሬት ላይ ዘነበ። ውሃውም በአንዲት ቦይ ተሰበሰበ። መንገደኛው ውሃውን ተከትሎ ሲደርስ አንድ ሰው አካፋውን ይዞ ውሃውን ወደ አትክልቱ ሲመልስ አገኘ። ስሙን ቢጠይቀው ከደመናው የሰማው ስም ሆኖ ተገኘ። ምን ብትሠራ ነው ሲለውም፣ ከዚህች መሬት የሚወጣውን እያየ ሲሶውን ሶደቃ እንደሚሰጥ፣ ሲሶውን ከቤተሰቡ ጋር እንደሚበላ፣ የቀረውን ሲሶ ደግሞ መልሶ ለመሬቲቱ እንደሚያደርግ ነገረው። ታሪኩ ይኸው ነው። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ሲሰግድ ያድር እንደነበር ወይም ትልቅ ዓሊም እንደነበር አልተነገረንም። የተነገረን አካፋ በእጁ እንደነበርና ማካፈል እንደሚያውቅ ነው።

ሌላም የአትክልት ቦታ አለ፤ በሱረቱል ቀለም የተወሳው። ባለቤቶቹ ድሃ ሳይደርስባቸው በማለዳ ሊለቅሙት ተማማሉ። ኢንሻአላህ እንኳ አላሉም። ሌሊት እነርሱ ተኝተው ሳለ የአላህ ትእዛዝ አትክልቱን ጎበኘው፤ ሲነጉ ደርሰው ቢያዩት መንገድ የተሳሳቱ መሰላቸው። በአንደኛው አትክልት ላይ ደመና ተልኮ ዘነበ፤ ሌላው በአንድ ሌሊት ጠቆረ። የመሬቱ ዓይነት ወይም የገበሬው ብልኃት እንደ ምክንያት አልተጠቀሰም። የለያቸው ድሃው በመካከላቸው ያለው ድርሻ ነው።

እንግዲህ ወደ እኛ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የጓሮ አትክልት የሚተክለው የወጥ ወጪ ለመቀነስ ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ ለቤተሰብ የሚወጣ ልፋትም አጅር አለው። እኔ ግን ሌላ ነገር ላሳስብዎ እፈልጋለሁ። በከተማችን ውስጥ ወር ጠብቆ በሚመጣ ደመወዝ፣ ወይም ከውጭ በሚላክ ትንሽ ገንዘብ የሚኖር ቤተሰብ ሶደቃን የሌላ ሰው ሥራ አድርጎ ማየት ይቀናዋል። ሰጪዎቹ ነጋዴዎች ናቸው፤ እኛማ ከእጅ ወደ አፍ ነን እንላለን። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) የላይኛይቱ እጅ ከታችኛይቱ እንደምትበልጥ ሲያስተምሩ ግን የሚሰጠው ነገር ስንት ይሁን ብለው አልወሰኑም። ከማድ ቤት ጀርባ ያለችው መሬት ገንዘብ የሌለውን ቤት ሰጪ ልታደርገው ትችላለች፤ ያውም በሁለት ወር ውስጥ።

ጊዜው ለምን መስከረም ሆነ? የትምህርት ቤት መጻሕፍት ጸደይን ከመጋቢት መጨረሻ ወዲህ ያደርጉታል። የደጋው ሰው ግን አበባና እሸት የሚያይበት ወቅት ይህ ጥቢ የሚለው ነው። በሐምሌና በነሐሴ የተዘራ ዘር ጎርፍ ያጥበዋል፤ ፀሐይ ያጣል፤ ቲማቲምና ድንች ከሆነም ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቀው ምች አይለቀውም። ዝናቡ መሳሳት ሲጀምር ምድር ጠጥታ ጠግባለች፣ ፀሐይም ወጥታለች። በጥር የሚጀምር ሰው እያንዳንዷን ጠብታ ከቧንቧ መቅዳት አለበት፤ በመስከረም የሚጀምር ግን የመጀመሪያውን ወር ውሃ ከአላህ ዘንድ ተቀብሎ ጨርሷል። ቆላ ያሉ አንባቢዎች ከእኛ ይልቅ ለቲማቲምና ለቃሪያ የተመቹ ናቸው፤ እነርሱን የሚያስቸግራቸው የቀትሩ ሙቀት ስለሆነ ለችግኙ ዳስ ይሥሩለት፣ ውሃውንም ወደ መግሪብ ያጠጡ።

ቆርቆሮውንና ጎማውን አንሥተው ከመቆፈርዎ በፊት አፈሩን ይፈትኑ። አንድ እፍኝ ይዘው ይጨብጡት፤ እጅዎን ሲከፍቱ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ገና ነው፣ ጥቂት ቀን ይታገሡ። ሲነኩት ፍርፍር ካለ ዶማውን ያንሡ። እርጥብ መሬት ሲቆፈር ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል፤ በተለይ ዋልካ። ዋልካ መሬት ያለው ሰው መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ይሥራ፣ አለበለዚያ ሥሩ ውሃ ውስጥ ይቆምበታል። የመደቡ ወርድ ከአንድ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ልጅም ብትሆን ከዳር ቆማ መሐሉን መድረስ አለባት። ርዝመቱ ሦስት ሜትር የሆነ ሁለት መደብ ሠርተው በመካከላቸው እግር የሚያስኬድ መንገድ ይተዉ። ስድስት ካሬ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መደቡ ላይ ማንም አይቁም።

ፍግ ያስፈልጋል። ላም ከሚያረባ ጎረቤት አሮጌውን፣ ከብዙ ወራት በፊት የተከመረውን፣ እጅ ላይ እንደ አፈር የሚፈረፈረውንና ሽታው የጠፋውን ይለምኑ። ትኩስ እበት በተለይም የዶሮ ኩስ ሥሩን ያቃጥላል፣ በሽታም ያመጣል። በእበት ንጽሕና ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ለመሬት ማዳበሪያነት መጠቀምን ግን አብዛኞቹ ዑለማዎች ፈቅደዋል፤ ቅጠሉ ታጥቦ ይበላል። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በአጥሩ ጥግ አንድ ጉድጓድ ቆፍረው የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ጥቂት አመድ ይጣሉበት። ሥጋና ቅባት አይግባበት፤ አይጥ ይጠራል። በአንዳንድ ሰፈር የጫት ገረባ እንደ ልብ ነው። ስለ ጫቱ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን፤ ገረባው ግን ቶሎ አይበሰብስም፣ መድኃኒት የተረጨበትም ሊሆን ይችላልና ይቅርብዎ። የማዳበሪያን ነገር ካነሣን አይቀር፣ በከተማችን ማዳበሪያ ማለት ጆንያው ሆኖ መቅረቱ ይገርመኛል። ይዘቱ ገጠር ቀርቶ ስሙ ከነከረጢቱ ከተማ ገባ።

ለመጀመሪያ ዓመት አራት ነገር ይበቃል፤ ሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ሰላጣ። ካሮት ተነቅሎ መተከል አይወድም፤ ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅለው በቀጥታ መደቡ ላይ በመስመር ይዝሩት፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ አይቅበሩት። እስኪበቅል ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላልና ሞተ ብለው ደግመው አይቆፍሩት። የቆስጣ ዘር አንዱ ፍሬ ውስጡ ብዙ ነው፤ ከአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ችግኝ ይወጣል። ጠንካራውን ትተው ሌላውን ነቅለው ሌላ ቦታ ይትከሉ፤ በመካከላቸው አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ይኑር። ጎመንና ሰላጣን በአንድ ጥግ አፍልተው አራት አምስት ቅጠል ሲያወጡ፣ ወደ ማታ ላይ፣ ሥራቸውን ከነአፈሩ ይዘው ያዛውሯቸው። ቲማቲም መትከል የፈለገ የደጋ ሰው ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር ያድርገው፤ ከኅዳር እስከ ጥር የሚወርደው ውርጭ ሜዳ ላይ ያገኘውን ቲማቲም አይምርም። ጎመንና ቆስጣ ይችሉታል። ነጭ ሽንኩርትም በየዳሩ ቢሰኩ ጥሩ ነው፤ ጥሬውን በልቶ ወደ መስጊድ መሄድ የተጠላ መሆኑን ግን ልጆቹን ያስተምሩ።

የውሃው ነገር ሰፋ አድርጌ ላነሣው የምፈልገው ነው። በከተማችን ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው፤ በጀሪካን ተጠብቆ የሚቀመጥ ውሃ ጎመን ላይ ማፍሰስ የሚያስጨንቃትን እናት እኔም አውቃታለሁ። አሁን የቤትዎን ውዱእ ያስቡ። አምስት ሰው ባለበት ቤት እያንዳንዱ ለአንድ ውዱእ ሁለት ሊትር ቢያፈስ፣ በአምስት ወቅት በቀን 50 ሊትር ይሆናል። ሁለት ጀሪካን ማለት ነው። ቀደም ብለን የሠራናቸው ሁለት መደቦች በደረቁ ወራት በቀን የሚፈልጉት 30 ሊትር ገደማ ነው። በየቀኑ ወደ ቦይ የምንለቀው ውሃ መደቦቹን አጠጥቶ ይተርፋል! ውዱእ የተደረገበት ውሃ ንጹሕ ነው፤ ሳሙና የለበትም፤ ቅባት የለበትም። ደግመው ውዱእ ለማድረግ ይቻል አይቻል እንደሆነ ዑለማዎች የተናገሩበት ቢሆንም ቆስጣን ለማጠጣት ግን የሚከለክል የለም። የሚያስፈልገው ከሥር አንድ ሳፋ ማስቀመጥ ብቻ ነው። የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ግን ቅባትና ሳሙና ስላለበት ወደ አትክልቱ አይሂድ።

አንድ ቀልደኛ ወዳጄ ይህን ስነግረው፣ እንግዲያስ ለጎመኑ ስንል ቧንቧውን ከፈት እናድርገው አለኝ። አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ፣ ትጥበታቸውን የሚታጠቡትም ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውሃ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሙድ ማለት የመካከለኛ ሰው ሁለት መዳፍ ሙሉ ነው፤ በዛሬው መለኪያ አንድ ሊትር አይሞላም። ስለዚህ ሁለቱን ሊትር ወደ አንድ ያውርዱት፤ መደቡ ላይ ደግሞ ደረቅ ሣር ያልብሱበት፤ እርጥበቱ ስለሚቆይ በአንድ ጀሪካን ይዘልቃል። ሳፋው ሌላም ጥቅም አለው፤ ልጆች ስንት እንዳፈሰሱ በዓይናቸው ያዩበታል። ውሃ አታባክኑ እያሉ ከመጮህ ሳፋውን አሳይቶ ዝም ማለት ይሻላል።

ቅጠሉ ማደግ ሲጀምር እንግዶች ይመጣሉ። ክሽክሽ የጎመኑን ጀርባ ይወርሰዋል፤ በማለዳ በውሃ ማጠብ፣ የነፋ አመድ መነስነስ፣ ባይሆን ጥቂት ሳሙና በተበጠበጠበት ውሃ ማበስና ኋላ ማጠብ ይበቃዋል። ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ካዩ አይግደሉ፤ ክሽክሹን የምትበላልዎ እርስዋ ናት። ዶሮና ወፍ ለቡቃያው ጠላት ናቸው። አንድ ሙስሊም ከተከለው ሰውም ሆነ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ በሙስሊም አንድ ዘገባ የተሰረቀው እንኳ ሶደቃ ነው። ይህ የሚያጽናና ነገር ነው፤ ዙሪያውን እሾህ አይጠር ማለት ግን አይደለም።

ስለ ሥጋ አጥብቀን እንጠይቃለን፤ ማን አረደው፣ ቢስሚላህ ተብሏል ወይ፣ ከየት ተገዛ እንላለን። መጠየቃችን ትክክል ነው። ቁርኣን ግን ሐላል የሆነውን ብቻ ሳይሆን ጦይብ የሆነውን፣ መልካሙን ጭምር እንድንበላ ነው ያዘዘን። ጎመኑ ምን ውሃ ጠጥቶ አደገ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስንት ነው? በአዲስ አበባ የአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸክመው እንደሚወርዱ፣ በዚያው ውሃ የሚለማው ቅጠላ ቅጠልም ጎጂ ማዕድናትን ሊይዝ እንደሚችል ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ይህን ስል በጉሊት ተቀምጣ የምትሸጠውን እህታችንን መውቀሴ አይደለም፤ እርስዋም የምትሸጠውን ለልጆቿ ታበስላለች። ወንዙን ያጎደፍነው ከተሜዎቹ ነን። ቢሆንም የስድስት ካሬ ሜትር ቅጠል ምን ጠጥቶ እንዳደገ በእርግጠኝነት መናገር መቻል ለእናት ቀላል ነገር አይደለም። እርስዎም በበኩልዎ መደቡን ከመጸዳጃ ጉድጓድና የመኪና ዘይት ከፈሰሰበት መሬት ያርቁት።

አሁን ወደ ሲሶው እንምጣ። በሻፊዒ መዝሀብና በብዙዎቹ ዑለማዎች ዘንድ እንደ ጎመንና ሰላጣ ባለ ተከማችቶ የማይቆይ ቅጠል ላይ ዘካ የለም። ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን ምድር ካበቀለችው ሁሉ፣ በዝናብ ከሆነ ከዐሥር አንድ፣ በድካም ከጠጣ ከሃያ አንድ ይወጣል ብለዋል። ሰብሳቢ መጥቶ የሚጠይቅዎ ስለሌለ ነገሩ ለእርስዎና ለኅሊናዎ የተተወ ነው። ሱረቱል አንዓም ውስጥ ፍሬው በሚለቀምበት ቀን ሐቁ እንዲሰጥ ታዟል፤ እኔን የሚመስጠኝ ቀኑ መጠቀሱ ነው። ከቤት የተረፈው፣ ቢጫ የሆነው፣ ሦስት ቀን ያደረው አይደለም። ቆስጣው ለመጀመሪያ ጊዜ በተቆረጠበት ዕለት ገና ድስቱ ሳይጣድ አንድ እስር ተለይቶ ይቀመጥ።

ለማን ለሚለው ሩቅ አይሂዱ። እናቴ በጓሮዋ ታለማ በነበረበት ጊዜ አጥር የምንጋራቸው አንዲት ክርስቲያን ጎረቤት ነበሩን፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን በእንጀራ ጋገራ የሚያሳድጉ። ችግራቸው የታወቀ ነበር፤ ኩራታቸውም እንደዚያው። ሰው ገንዘብ ሊሰጣቸው ቢሞክር "ለባሰበት ስጡት" ብለው ይመልሳሉ። እናቴ ከአጥሩ ማዶ ትጣራለች።

"እትዬ! ኧረ ይህ ቆስጣ ሊያረጅብኝ ነው፤ እባክዎ ያግዙኝ።"

"አንቺስ ምን በልተሽ ልታድሪ ነው?"

"እኛማ ሰልችቶን ልጆቹ አንበላም ብለዋል።"

አንበላም ያለ ልጅ አልነበረም። ነገር ግን እናቴ እርዳታ እየሰጠች ሳይሆን እርዳታ እየለመነች ነበርና እትዬ ቅጠሉን ሲቀበሉ ባለውለታዋ እንጂ ተመጽዋች አልሆኑም። እኔ ከዚህ የበለጠ የሶደቃ አደብ በሕይወቴ አላየሁም።

ይህን ከተናገርኩ አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጋርቶ ሲኖር ሥጋ በመካከላቸው ድንበር አለው፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ለበዓል ሲጠራሩም ሌላ ድስት ይጣዳል። ጎመን ግን ድንበር የለውም፤ አጥሩን ያለ ጥያቄ ያልፋል። በመስከረም የተዘራ ቆስጣ የመጀመሪያ ቆረጣው የሚደርሰው በኅዳር ነው፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያትን ጾም ይጾማሉ፤ ሥጋና ወተት ከቤታቸው ይወጣል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ረመዳንና ዐቢይ ጾም በየካቲት ወር በሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገብተው፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ለፊጥራ ሾርባ፣ ሌላው ለጾም ወጥ ከአንድ መደብ ካሮትና ጎመን ሊቆርጥ የሚችልበት ጊዜ ነበር። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሳብ በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ ጥር ይገባል፤ ጥርም የመስከረም ጓሮ ሙሉ የሚሆንበት ወር ነው። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተልኮለት እንደሆነ አስቀድመው መጠየቃቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። የጎረቤት ሐቅ ሃይማኖት አይለይም። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ደግሞ ወጥ ሲሠሩ መረቁን አብዝተው ለጎረቤት እንዲያካፍሉ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አደራ ተቀብለዋል። መረቅ ውሃ ነው፤ ውሃ የሚበዛበት ወጥ ደግሞ ቅጠል ይወዳል።

ሳህን በባዶው የማይመለስበት አገር ነውና እትዬም ዝም አላሉም። በማግሥቱ ሳህኑ አንድ ሁለት እንጀራ ይዞ ተመለሰ። ከሳምንታት በኋላ እናቴ ቅጠሉን ትታ ችግኝ ሰጠቻቸው፤ ዐሥር የሚሆን የቆስጣ ችግኝ፣ ሥሩ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ። "ቦታ የለኝም" ቢሉም በአጥሩ ወዲያኛው ጥግ ተከሏቸው። በየካቲት እናቴ ታማ ሳለ የራሳችን መደብ ደርቆ ነበር፤ የእትዬ ልጅ እስር ቆስጣ ተሸክሞ ገባ። እናቴ አልጋ ላይ ሆና ተቀብላ፣ "ይህ እንዴት አማረበት!" ብላ እያገላበጠች ስታየው ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ማን ለማን እንደሚሰጥ ሒሳቡ ጠፋ። ቅጠል ሲሰጡ የዕለት ወጥ ይሰጣሉ፤ ችግኝ ሲሰጡ ግን የላይኛዋን እጅ ራስዋን ለጎረቤትዎ ያካፍላሉ።

ግቢ የሌለዎ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖሩ አንባቢ እስካሁን በትዕግሥት አንብበው ከሆነ አልረሳሁዎትም። ከላይ የተቆረጠ ጀሪካን፣ ከሥሩ ሦስት አራት ቀዳዳ ያለው፣ በረንዳ ላይ አንድ ጎመን ወይም ሁለት ቆስጣ ይይዛል። ያ ማዳበሪያ ያልነው ጆንያም አፈርና ፍግ ተሞልቶ ጎኑ በየቦታው ቢቀደድ በየቀዳዳው ሰላጣ ይበቅልበታል። ፀሐይ ቢያንስ ግማሽ ቀን የሚያገኝ በረንዳ ይሁን። ከሥሩ ሳህን ያስቀምጡ፤ የሚንጠባጠበው ጭቃማ ውሃ ከታች የተሰጣውን የጎረቤት ልብስ ካበላሸ ሶደቃው በየት በኩል ሊገባ ነው? ዐሥር ቅጠል ከሆነ ሲሶው ሦስት ነው፤ ለአንዲት አራስ ሾርባ ሦስት የቆስጣ ቅጠል ይበቃል።

ሦስተኛው ሲሶ፣ ለመሬቲቱ የሚመለሰው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። የደረቀው ቅጠልና የተነቀለው አረም ወደ ጉድጓዱ ይሂድ። ከሁሉ በላይ ዘሩ። በየዓመቱ ዘር ከሱቅ መግዛት ወጪ ነው፤ አንዳንዱ ዲቃላ ስለሆነም ዘሩ ቢቀመጥ እናቱን አይመስልም። ሐበሻ ጎመን ግን ታማኝ ነው። ከመደቡ በጣም ያማሩትን ሦስቱን ገና ከኅዳር ጀምሮ በጨርቅ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ልጆች ቅጠላቸውን እንዳይቆርጡ ይነገር። ቁመታቸው ይረዝማል፣ ቢጫ አበባ ያወጣሉ፣ ንብ ይጎበኛቸዋል፤ ቀጥሎ ቀጫጭን ቆባ ያንጠለጥላሉ። ቆባው ወደ ቡኒ ሲያደላና ሲነኩት መንኳኳት ሲጀምር፣ ሳይፈነዳ በፊት በማለዳ ጤዛ ሳለ አጭደው በነጠላ ላይ አስጥተው ይውቁት። ከሦስት ግንድ የሚገኘው ዘር ለእርስዎ ጓሮ ከሚበቃው እጅግ ይበልጣል። በወረቀት ጠቅልለው፣ ዓመተ ምሕረቱን ጽፈው፣ እርጥበት በማይደርስበት ቆርቆሮ ያስቀምጡት፤ ትርፉንም በትንንሽ ወረቀት ቋጥረው ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጊዱ በር ለሚያውቋቸው እናቶችና አባቶች፣ በአጥሩም ማዶ ላሉት፣ አንዳንድ ቁጣሪ ይስጧቸው። እስከ መስከረም ይቆያል።